ጋሼን በአቋራጭ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017

አጎቴ ጋሼ ታደሰ ጫት ካቆሙ ሦስት ወራቸው ነው። አማካሪያቸው "በመቃሚያ ሰዓትዎ ከሰው ጋር ይራመዱ" ስላላቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እስከ ኢምፔሪያል ሆቴል የማጅባቸው እኔ ነኝ። ይገዙበት የነበረው ጫት ቤት እንዳይታያቸው ሰፈሩን በሙሉ እንዞራለን።

"ጋሼ፣ በዚህ ዙረት እኮ ደብረ ዘይት በደረስን!" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።

ዛሬ ኳስ እንዳያመልጠኝ ብዬ በጫት ቤቱ በር በሚያልፈው አቋራጭ ወሰድኳቸው። ሻጩ ገና ከሩቅ አንድ እስር ከፍ አድርጎ "ጋሽ ታዴ! ምነው ጠፉ?" አለ። ጋሼ ቆሙ። ሹራቤን ጨምድደው ያዙ።

"ጎትተኝ" አሉኝ። ጎተትኳቸው።

ቤት ስንገባ ለእማዬ "ዛሬ ይሄ ልጅ ባይኖር አልቆልኝ ነበር" አሏት። እማዬ ግንባሬን ሳመችኝ። ማን በዚያ እንደወሰዳቸው እሳቸውም አልተናገሩ፣ እኔም አልተናገርኩ። ኳሱን ከፈትኩት፤ ማን ከማን እንደሚጫወት እንኳ አላስተዋልኩም።