ትንፋሼን ያጠፉበት ፊልም

ለምወድሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የወገብሽ ሕመም ትንሽ ፋታ ሰጠሽ? ልጆቹስ፣ አባታቸውስ፣ ቤቱስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ቆመ። ሰው ሁሉ በደብዳቤው መጀመሪያ የሚጽፈው ነገር ነው፤ እኔ ግን ከእንግዲህ ማን እንደሚያምነኝ አላውቅም። ደህና ነኝ፣ እትዬ። በሕይወት አለሁ።

እማዬ እህል ከቀመሰች ሰነበተች፣ ከውኃና ከጥቂት ወተት በቀር ካፏ የሚገባ የለም ብለሽኛል። በስልክ መልስ ያልሰጠሁሽ እሷ አጠገብሽ ስላለች ነው። ይህን የሚያደርስልሽ ሾፌር ነገ ይነሳል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ ሲወራ ተቆራርጦብሻልና ከሥሩ ልንገርሽ። እዚህ ሰው አገር በተቀጠርኩበት የፊልም ስቱዲዮ የተዋንያን ልብስ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ። የሚያወጡት ፊልም ሲኒማ ቤት አይገባም፤ በዲስክ ታሽጎ ለየቤቱ ይሸጣል። ሁሉም ስለ ሞት ነው። አንዱ ስለ ሬሳ ገናዥ፣ አንዱ ስለ መቃብር ቆፋሪ፣ አንዱ ሞቶ ስለተመለሰ ሰው። አለቃችን፣ ሰው ሞትን ማየት የሚወደው በገዛ ሶፋው ላይ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ሻዩን ይዞ፣ ሲፈራም ማቆም እየቻለ ነው ይላል።

አንድ ቀን ሬሳ የምትሆነው ተዋናይ ቀረች። ጉንፋን ይዟት ታስነጥሳለች አሉ፤ የምታስነጥስ ሬሳ ደግሞ አይሆንም። ዳይሬክተሩ ዞር ዞር ብሎ አየና ልብስ ታቅፌ የቆምኩትን እኔን ጠራኝ። መተኛት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም አለኝ። ከንጋት ጀምሮ በእግሬ ነበርኩና እግዜር የላከልኝ መሰለኝ። ነጭ አለበሱኝ፣ ፊቴን በፓውደር አነጡት፣ ጠረጴዛ ላይ አጋደሙኝ። እትዬ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። የእውነት እንቅልፍ። በሬሳነት ተቀጥሮ ለጥ ብሎ የሚተኛ ከእኔ በቀር ማን አለ? ሲቀሰቅሱኝ ሁሉም ይስቁ ነበር። እኔም ሳቅሁ።

ዲስኩ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ። ዲስክ አከራዩ ጎረቤታችን ከየት እንዳገኘው እንጃ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጅሽ ተዋናይ ሆነችልሽ ብሎ እማዬን ሊያስደስታት ነው ይዞላት የሮጠው። እሷ ያለችውን ከነገርሽኝ ጀምሮ ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም። «ይሄ ትወና አይደለም። የልጄን የእንቅልፍ ፊት አውቀዋለሁ። ሕፃን ሆና ሌሊት ሌሊት ደረቷን እያየሁ ነው ያሳደግኋት። ይሄ ደረት አይነሳም።»

እውነቷን ነው። አይነሳም። ክፍል በምትጋራኝ ጓደኛዬ ኮምፒውተር ከፍቼ አየሁት። ደረቴን ብቻ። አቆምኩት፣ መለስኩት፣ ደግሜ አየሁት። ነጭ ጨርቅ ዝም ብሏል። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ያቺ ሴት አትተነፍስም። ለካ እኔም ትንፋሼን ይዤ ኖሯል፤ ጓደኛዬ ጀርባዬን መታ አድርጋ ምን ሆነሻል ስትለኝ ነው የተነፈስኩት።

በማግሥቱ ምስል አስተካካዩን ጠየቅሁት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለ፤ እድፍ ያስለቀቀ ይመስል። ደረትሽ ከፍ ዝቅ እያለ ሬሳው አያምርም ብሎ አስረዳኝ። ያልነካካኸውን ስጠኝ፣ ለእናቴ ልላክላት ብዬ ለመንኩት። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ጥሬው ቀረጻ ይደመሰሳል አለኝ። ፊቴን ሲያይ አዘነ መሰለኝ። «ከፈለግሽ ትንፋሽ ልጨምርበት እችላለሁ» አለ። «ያንቺ ግን አይሆንም።»

ታዲያ እማዬ ምኑን ተሳሳተች? ባለፈው ስልኩን ፊቷ ላይ አድርገሽ በምስል ስታገናኚን፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ያለችውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ሬሳዋን የሸጡ ሰዎች ፎቶዋን ማናገር ያቅታቸዋል?»

እኛንስ እንዴት ትመነን? ታላቅ ወንድማችን የሞተ ጊዜ፣ ልቧ አይችልም ብለን፣ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው እያልን ከረምን። ባወቀች ቀን ያለቀሰችው ለእሱ ብቻ አልነበረም። አሁንም «ደህና ናት» ስንላት የምትሰማው ያንኑ ድምፃችንን ነው።

ልምጣ እንዳልል የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም፤ ያለ እሱ ድንበር አያሳልፉኝም። ቢፈጥን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው ይላሉ። እስከዚያ እሷ ያለ እህል? ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ እጄን በካውያ አቃጠልኩ። ሲያቃጥለኝ፣ ታዪኛለሽ፣ ደስ አለኝ።

እውነቱን ካልነገራችሁኝ አልበላም ነው ያለችው። የምትቀበለው እውነት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ስጪያት፣ እትዬ። ሞታለች በያት። ሰው ይምጣ፣ አብሯት ይቀመጥ፣ ታልቅስ። የሞተባት እናት ሰው ግድ ሲላት ቀስ በቀስ ትቀምሳለች፤ የምትታለል እናት ግን አትበላም። ወረቀቴ ሲያልቅ መጥቼ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፤ ያኔ ትምታኝ፣ ትርገመኝ። ብቻ እስከዚያ ትኑርልኝ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። አንቺ ስትዋሺ ሳቅ እንደሚያመልጥሽ አውቃለሁ። እባክሽ። ያኔ ለመደበቅ ብለን ያላለቀስንለትን ወንድማችንን አሁን አልቅሺው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን በጆሮው ንገሪልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ከማን እንደሆነ ግን አትንገሪያቸው፣ ልጅ ምስጢር አይችልም። ለዲስክ አከራዩ አልተቀየምኩህም ማለት ፈልጌ ነበር፤ እሱም ለለቅሶ ይመጣልና ይቅር። ለእማዬ ከእኔ ምንም አታድርሺ። መጀመሪያ የቀመሰችው ምን እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ።

እህትሽ

ከስቱዲዮው ልብስ ማጠቢያ ክፍል
ረቡዕ፣ ግንቦት 11