እንኳን አሸነፍሽ

ሚያዝያ 19፣ ከምሽቱ 2 ሰ.

ጉልበቴ ላይ በረዶ አስሬ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። ተሸነፍን። ደግሞ እንዴት ያለ ሽንፈት! የመጨረሻ ጨዋታችን ነበር። የውድድር ዘመኑ እንዲህ ተዘጋ። አንዷ ግዙፍ ተከላካይ በክርኗ ስትደቁሰኝ አመሸች፣ ዳኛው አይቶ ዝም። ላሊበላ ሳለሁ ቅርጫት ኳስ ስጫወት ከሁሉም ረጅም ነበርኩ። እዚህ ቱርክ መካከለኛ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ አልለመድኩትም።

ከሻወር ስወጣ የአባዬ የድምፅ መልእክት ገብቷል። "እንኳን አሸነፍሽ ልጄ!" ይላል። ጉድ! ታደለ ነው ያሳሳተው። ወንድሜ ታደለ ሆቴል ነው የሚሠራው፣ እዚያ ኢንተርኔት ስላለ ውጤት አይቶ ለአባዬ ይነግረዋል። ብቻዬን ሳቅኩ። አባዬ መጨረሻ ላይ እንደ ልማዱ፣ "በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ራስሽን!" አለ። ዕድሜውን ሙሉ አስጎብኚ ሆኖ ለረጃጅም ፈረንጆች ቤ/ክ ደጃፍ ላይ የሚላት ናት። ለእኔ ደህና ሁኚ ማለቱ ነው።

መልሼ ደወልኩ። አይነሳም። ከገና ወዲህ እኮ በቀጥታ አውርተን አናውቅም፤ ወይ ኔትወርክ የለም፣ ወይ እንግዳ ይዞ ወጥቷል። ድምፁን ብቻ ይልክልኛል።

ሚያዝያ 22፣ ጠዋት

አሰልጣኟ ቢሮ ጠራችኝ። ሊያሰናብቱኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። የሁለተኛ ዓመት ውል አቀረበችልኝ! አገሬ ሄጄ እንዳስብበት፣ መልሱን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንድሰጥ ነገረችኝ። ምን የሚታሰብ አለው? አባዬን አቅፌው ነው የምነግረው። በስልክ ትንፍሽ አልልም።

ጫማ ገዛሁለት። ሶሉ የማያዳልጥ። ውቅር ቤተ ክርስቲያኖቹ መሐል ያለው መንገድ በክረምት ሳሙና ነው።

ሚያዝያ 26፣ ብልባላ፣ ከምሽቱ 1 ሰ.

የሆነ ነገር አለ። ኤርፖርት የመጡት ታደለና አጎታችን ጋሼ እሸቴ ናቸው። አባዬ የለም። እንግዳ ለመቀበል እኮ አውሮፕላኑን የሚቀድም ሰው ነው! ፈረንጆች ይዞ ገጠር ወጥቷል አሉኝ። እማዬስ? ከከተማ ወጣ ብሎ ብልባላ፣ አክስቴ ጋ ናት፣ ማኅበር አለባቸው፣ መጀመሪያ ወደዚያ እንሂድ። እሺ።

ከተማ ስንገባ ጋሼ እሸቴ ደክሞሻል ጋደም በይ አሉኝ። ጋደም አልኩ። ቀና ስል ቤታችንን አልፈነዋል። ታደለን አየሁት፣ በመስኮት ወደ ውጭ ዞረ።

ብልባላ ደረስን። እማዬ እዚህም የለችም። ጠዋት ትመጣለች ተባልኩ። አክስቴ በግ አርዳ ጠበቀችኝ፣ ብዪ ብዪ ትላለች፣ እሷ ግን አትበላም። ታደለም አይበላም። ቀና ስል ሁሉም እኔን ያያሉ፣ ሳያቸው ያቀረቅራሉ። ነገ እማዬን አገኝና ሁሉንም አወጣጣታለሁ።

ሚያዝያ 27

አባዬ ሞቷል። ጥር ላይ። ጥር!

ሚያዝያ 28፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ካልጻፍኩት አላምነውም። ትናንት ሊነጋጋ ሲል ውሻው ጮኸ። ግቢው ውስጥ ኮቴ፣ የብዙ ሰው ኮቴ። አክስቴ ገብታ ነጠላ አለበሰችኝ። የንስሐ አባታችን አባ ገብሬ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ከኋላቸው ጋቢ የለበሰ ሰው ሞልቷል። ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ወገቤን ያዙኝ። ያኔ ገባኝ። መርዶ ነው። በእኛ አገር ከሩቅ የመጣ ሰው እንዲህ ነው የሚረዳው። ዘመድ ቤት ያሳድሩታል፣ አብልተው ያስተኙታል፣ ንጋት ላይ ይከቡታል። ስንት ሰው ሲረዳ አይቻለሁ። እማዬ ናት ብዬ ጮህኩ።

"አይ ልጄ፣ እናትሽስ አለች" አሉ አባ። "አባትሽ ናቸው። እግዜር ያጥናሽ።"

ምን ያደረግኩ ይመስልሻል? ተቆጣሁ! ኧረ ባለፈው ሳምንት አናግሮኛል፣ ከሌላ ሰው ጋር አምታታችሁት አልኳቸው። ስልኬን አወጣሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። "እንኳን አሸነፍሽ ልጄ!"

ቤቱ በልቅሶ ተናጋ። አክስቴ ደረቷን እየመታች ወደቀች። አባ አማተቡ። ታደለ ብቻ አላለቀሰም፣ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ፊቱን ሳይ ነው ያመንኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ከላሊበላ መግቢያ ጀምሮ ሰው ተሰልፎ ሲያለቅስ በመኪናው መስኮት ማየቴ ትዝ ይለኛል።

ሚያዝያ 30

ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ለእነሱ ያለቀ ሐዘን ነው፣ ለእኔ ሲሉ እንደገና ተቀምጠዋል። እማዬ ጥቁር ለብሳለች። ፀጉሯ አጭር ነው፣ ተላጭታው ገና እያደገ ነው። ለካ የስልኬ ካሜራ ተበላሸ ስትለኝ የከረመችው ለዚህ ነው። ተዝካሩ እንኳ ወጥቷል። ያን ቀን እኔ ምን እየሠራሁ ነበር? ምናልባት እየሳቅኩ ነበር።

ከተማው ሁሉ ያውቃል። ኤርፖርት ሻንጣዬን ያወረደልኝም ያውቅ ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ ከእኔ በቀር። ተናድጃለሁ። ሐዘኑ ገና አልደረሰኝም፣ ንዴቱ መንገዱን ዘግቶበታል። ጫማው ሻንጣዬ ውስጥ ነው። አላወጣሁትም።

ግንቦት 1፣ ጠዋት

ታደለን ከቤቱ ጓሮ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ካልተናገርክ ዕድሜ ልኬን አላናግርህም አልኩት። ተናገረ።

ጉበቱ ነበር። ደሴ ሐኪሞች ተስፋ የለውም ብለው የነገሩት ኅዳር ላይ ነው። አባዬ እሱንና እማዬን አስማላቸው፣ ጨዋታዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ብሎ። ከዚያ ትራስ ተደግፎ ድምፁን መቅዳት ጀመረ። ሲበረታ አንድ ይቀዳል፣ ሲደክመው ነገ ይቀጥላል። ለድል ብዙ ቀዳ። ለሽንፈት ሁለት ብቻ።

ታደለ ለሽንፈቱ ጨምርበት ብሎ ለምኖታል። አባዬ ተቆጣው።

"ኧረ ምን ሁና ነው ከዚያ በላይ የምትሸነፍ?" አለኝ እኮ እታለም፣ አለ ታደለ። "እኔ ምን ላርግ? የሽንፈቱ የካቲት ላይ አለቀብኝ።"

እኛ ደግሞ ከየካቲት ወዲህ መሸነፍ ሥራችን ሆነ! ስንሸነፍ ዝም ማለት ያዘ። የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ግን ዝም ካልኩ ትጠረጥራለች ብሎ ፈራ፣ ያለውን ላከ። "እንኳን አሸነፍሽ"ን።

ሳቄ መጣ። ስስቅ ስስቅ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተደፋሁ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አባዬን ያለቀስኩት። እንዴት ሁለት ብቻ? እንዲህ ይገምተኝ ነበር? ታደለ አብሽሪ፣ አብሽሪ እያለ ጀርባዬን ይደበድባል፣ እሱም ይነፈርቃል።

ግንቦት 4፣ ከቀኑ 8 ሰ.

አልመለስም ብዬ ለእማዬ ነገርኳት። እዚያ ሆኜ የማንን ድምፅ ነው የማምነው? ደህና ነን ባሉኝ ቁጥር ስንት ሰው ሞቶ ይሆን ልል ነው? እማዬ ተነሥታ ቆመች። አባትሽ የመጨረሻ ትንፋሹን የጨረሰበትን ነገር ልትጥዪው ነው? አለችኝ። ተጯጯህን። ጎረቤት መጣ። በኋላ ሁለታችንም ደከመን።

እሺ እሄዳለሁ አልኳት፣ ግን ማዪልኝ። ከእንግዲህ ብታመሚ በዚያው ቀን እንድሰማ፣ ሞትም ቢሆን። "በላሊበላ! ካልነገርሁሽ በላሊበላ!" አለች። ቶሎ ነው የማለችው። ጭራሽ አላሰበችም። ቶሎ መማሏ ነው ያስፈራኝ።

ግንቦት 5፣ ከምሽቱ 12 ሰ.

ለአሰልጣኟ እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩ። ጫማውን ለታደለ ሰጠሁት። ሰፋው፣ በካልሲ ሞላው።

የቀሩትን ድምፆች አሁኑኑ ልላክልሽ አለኝ። ገና ብዙ አሉ። ላክ ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። አልፈልግም አልኩ። ስናሸንፍ ብቻ፣ አንድ በአንድ። ስንሸነፍ ዝም በለኝ፣ እችለዋለሁ። ደግሞ ውጤት ከኢንተርኔት እንዳታይ፣ እኔው ራሴ ደውዬ እነግርሃለሁ።

ታደለ፣ "ብትዋሽኝስ?" አለ።

በእማዬ እምላለሁ፣ አልዋሽህም አልኩት። ከዚያ ደነገጥኩ። እኔም ቶሎ ነው የማልኩት።