የሚያዝያው ዘይት በጥቅምት

ይድረስ ለወንድሜ ለባርኒ፣ ከነሚስትህ እንዴት ከረማችሁ? እኛ ከምንኖርባት ጀልባችን ጋር ብራውንስተን መንደር፣ ቦዩ ዳር አለን። አባባ ግን ሊያሳብደኝ ነው!

የጀልባዋ ሞተር ዘይት የሚቀየረው በሚያዝያ አይደል? በጥቅምት አስቀየረኝ። "ስድስት ወር ይቀረዋል እኮ!" ስለው፣ "አንቺ ምላሰኛ፣ መፍቻውን ያዢ!" አለኝ። ሞተሩን ስነካ እጄን ይመታኝ የነበረ ሰውዬ፣ አሁን ታሞ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ በጩኸት ያዝዘኛል። የዘይት ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ሦስት ጊዜ አስፈትቶ አስገጠመኝ። ትምህርቴን የተውኩት ለዚህ ነው እንዴ? ትናንት ደግሞ የሞተሩ ጥገና መመዝገቢያ ደብተር ላይ የራሱን ስም ሰርዞ የእኔን ጻፈበት። ምን ዓይነት ቀልድ ነው?

"ባርኒ ለገና ይምጣ" ይላል። አንተ ግን ገናን አትጠብቅ፣ ቅዳሜ ና። አንድ የጠበቀ ብሎን አለ፣ ብቻዬን የምፈታው አይደለም።

እስክንገናኝ ሰላም ሁኑልኝ።

ቁጡዋ እህትህ፣ ታምሲን