ሴቶቹን ለካኋቸው

ውድ እታለም፣

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን ነው። ጠዋት ሲያካፋ ቆይቶ ከምሳ በኋላ አባራ። መለኪያ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ኃላፊያችን፣ ባለ ቅርፊቶቹን የወንዝ ሽሪምፖች የሚያመጡልን አጥማጅ ጋሼ ቀስታ እና እኔ ነን። ቀኑን፣ አየሩንና ሰዉን አስቀድሞ መጻፍ ካንቺ መዝገብ የለመድኩት ነው።

መጀመሪያ የምናዘዘው አለኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዚህ ወንዝ ያሉት ሽሪምፖች ሁለት ዓይነት ናቸው ብለሽ ስብሰባ ላይ ስታስረጂ እኔ ጥግ ላይ ብልቃጥ አጥብ ነበር። ኃላፊያችን ቁጥሮችሽን አይተው፣ "የለካሽው የወንዶቹን መቆንጠጫ ክንድ ብቻ ነው እኮ። የወንድ ክንድ ሲጎለምስ ይረዝማል። ሁለት ዓይነት ያልሻቸው አባትና ልጅ ናቸው" ሲሉ ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዞር ብለሽ አየሽኝ። ካሊፐርሽን፣ ያንን በጥርሱ ነክሶ የሚለካውን መሣሪያ፣ ጠረጴዛው ላይ ትተሽ ወጣሽ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ክፍልም ቤቴንም አልረገጥሽም። ለምን እንደሳቅሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሌላው ሲስቅ ዝም ማለት ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የጣልሻቸውን ወረቀቶች ከቅርጫቱ ለቅሜ ወሰድኩ። የማላውቀውን ቃል እየዘለልኩ፣ ተመልሼ እየገመትኩ አነበብኳቸው። በአንዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ "ሴቶቹስ?" ብለሻል። መልሱን የትም አጣሁት።

ስለዚህ ለካኋቸው። ክንዱን ትቼ ግንባራቸው ላይ ያለውን መጋዝ መሰል ቀንድ ከጀርባቸው ቅርፊት ጋር አስተያየሁ። በየምሳ ሰዓቱ፣ ስልሳ አራት ሴቶች። ሠላሳ አንዶቹ ላይ ቀንዱ ከቅርፊቱ ይረዝማል፤ በቀሩት ሠላሳ ሦስቱ ላይ ያጥራል። ትንሽም ትሁን ትልቅ ያው ነው። መሃል ላይ የቆመች አንዲት እንኳ የለችም።

ዛሬ ለኃላፊያችን አሳየኋቸው። የብልቃጦቹን ምልክት ሸፍነው፣ ደባልቀው፣ "እስቲ እንደገና ለዪልኝ" አሉ። ለየሁ። ሽፋኑን ሲያነሱ አንዲትም አልተሳሳትኩም።

"ሁለት መሆናቸውንማ ሠላሳ ዓመት አውቃለሁ" አሉ ጋሼ ቀስታ። "አንደኛው ሲይዙት ይቆነጥጣል፣ ሌላው ይለማመጣል።"

"ታዲያ ምነው ሳይናገሩ ቀሩ?" አልኳቸው።

"ማን ጠየቀኝ?"

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። "ወንዶቹን በዕድገታቸው ከፍሎ እንደ አዲስ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። እህትሽ ትመጣ ይሆን?"

"እኔ እንጃ። ሪፖርቱ ላይ ግን ስሟን ያስቀድሙ፤ ጥያቄው የእሷ ነው።"

"የእሷ ይቀድማል፤ ያንቺ ይከተላል" አሉ። ከዚህ ጋር ያለው ቁራጭ ወረቀት የእሳቸው ነው። ይቅርታ መጠየቅ ስለማይችሉበት አጭር ነው። የእኔን ይቅርታ ግን በወረቀት አልጨርሰውም፤ ስትመጪ ፊት ለፊት እነግርሻለሁ።

ዓርብ ጠዋት። አንድ ሰዓት ላይ ክፍሉን ከፈትኩ። ጠረጴዛውን ወለወልኩ። ካሊፐርሽን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ጠረግሁት፣ ጥርሱን ገጠምኩት፤ ዜሮ ላይ ልክ ቆመ። ግራኝ ነሽና በግራ በኩል አስቀመጥኩት። ከዚያ ከመጋዘን ሁለተኛ ወንበር አመጣሁ።

ታናሽሽ