ከሐጂ የተዋስከው ክብደት

ውድ ረድዋን፣

ሽማግሌዎችህ ዛሬ ረፋድ ላይ መጥተው ነበር። መልሱን ከእነሱ ሳይሆን ከእኔ ስማው። አላገባህም።

አትቆጣ፣ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። አምና ሸዋ ሮቢት መጥተህ የማሾ መጋዘኔ በር ላይ ከእርሳስ ጥቁር ስለሚላጠው ስስ የካርቦን ንጣፍ፣ ስለ ግራፊን ስታወራ ሰው ሁሉ ሲያዛጋ እኔ ሰማሁህ። ካርቦን ቀላል አቶም ስለሆነ የኤሌክትሮኑ ሽክርክሪትና ጉዞው እምብዛም አይተሳሰሩም፤ በኃይል ደረጃዎቹ መካከል የሚከፈተው ክፍተትም ከመኖር አይቆጠርም አልክ። እንደ ተንግስተን ያለ ከባድ አቶም ባለበት ስስ ቁስ ላይ ሲያነጥፉት ግን ትስስሩ ከጎረቤቱ ይጋባበታል።

«ሲያነሱትስ?» አልኩህ።

«ይጠፋል» ብለህ ሳቅህ።

እኔ ዕቃ ስገዛም የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የተዋሰው ሲነሳ ምን ይቀራል?

ዛሬ ከፊት የገቡት የአሊዩ አምባው ሐጂ አብዱልወሃብ ናቸው፤ ገበያው ሁሉ የሚነሳላቸው። አባቴ ደነገጠ።

«ሐጂ፣ ልጁ ምንዎ ነው?»

«ምኔም አይደል፣ ደውሎ ለመነኝ። ዶክተር ነው፤ የእርሳሱን ጥቁር ይልጣል አሉ።»

«ልጣጩን ምን ያደርገዋል?»

ሽማግሌዎችህ ራሳቸው ሳቁብህ። ከዚያ አባቴ ኮስተር ብሎ «ያሳደገው አጎቱ ሷሊሕስ የታለ?» አለ።

እኛ ዘንድ ከሽማግሌ ፊት የሚቀድመው፣ ነገ ትዳሩ ቢበላሽ የሚጠየቀው ዘመድ ነው። አንተ ግን ኩንታል ተሸክሞ ያስተማረህን አጎትህን ትተህ በቅጡ የማያውቅህን ሀብታም አስቀደምክ። ሐጂ ተነስተው ሲሄዱ የቀረኸው አንተ ነህ፣ እሱም ሚዛን አያነሳም። ነገ ደግሞ ክብደት ለመዋስ እኔን ከስርህ ልታነጥፍ ነው።

ክፉ ነሽ ትለኝ ይሆናል። ይሁን። እወድህ ነበር፤ የወደድኩትን ሁሉ ግን አልገዛም።

ሽማግሌዎቹ ገና ሳይወጡ ጋሽ ሷሊሕ ከማጀቴ ከተማ የመጣልኝን ማሾ ሊያወርዱ ጆንያ ተሸክመው ግቢ ገቡ። ላባቸውን ጠርገው «ናጅዋዬ፣ ደጃችሁ ጫማ በዝቷል፣ ደግ ነው?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «የረድዋን ሽማግሌዎች ናቸው» አልኳቸው።

«የኛው ረድዋን?»

«አዎ።»

ጆንያው ትከሻቸው ላይ እንዳለ ቆሙ። «ታዲያ እኔን ምነው…» ብለው ሳይጨርሱ ወደ መጋዘኑ ገቡ። የቀረውን ማሾ አውርደው ሄዱ።

ከእንግዲህ ለእኔ አትደውል። ለእሳቸው ደውል። እኔም ሞክሬ ነበር፤ ስልካቸውን ዘግተዋል።

ናጅዋ