መክሳትሽን የፈራንበት ዓመት

እማዬ፣

የሙት ዓመትሽ ሊደርስ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም በምን እንደሞትሽ በቅጡ መናገር አልችልም። ሰው ሲጠይቀኝ ቸርችል ጎዳና ላይ ታክሲ ገጭቷት ነው እላለሁ። እውነት ነው። ታክሲው ከጎንሽ ሲመጣ ያላየሽው ግን ያ ራስ ምታት የዓይንሽን ጥግ አስቀድሞ ስላጨለመው ነው፤ ይሄን ለማን ላስረዳ?

ጊዮርጊስ ጋ የነበረችው የስፌት ክፍልሽ ለመንገድ ፈርሳለች። የስፌት መኪናሽን አፍንጮ በር ወዳለው ቤታችን አምጥተን አልጋዬ አጠገብ አስቀምጠነዋል። አባዬ የሻይ ብርጭቆ ያሳርፍበታል፤ ብታዪው ትቆጪው ነበር።

ሐኪሙ በጭንቅላትሽ ውስጥ ያለው ውሃ ግፊቱ ጨምሮ የዓይንሽን ነርቭ እየተጫነው ነው፣ ክብደት ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ፣ አትክልት ብዪ ያለሽ ቀን ትዝ ይለኛል። ስንወጣ ሳቅሽ። ከጠዋት እስከ ማታ አቀርቅሮ ሲሰፋ ለሚውል፣ ምሳው ዳቦ በሻይ ለሆነ ሰው ምን ማለቱ ነው? ሰፈሩ የጥጋብ በሽታ ይለዋል። እኛ ቤት የቱ ጥጋብ ነው የገባው?

ያም ሆኖ ሞከርሽ። ዳቦውን ቀነስሽ፣ ቀሚሶችሽን አጠበብሽ፣ ራስ ምታቱም ቀለል አለልሽ። ከዚያ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ "ምነው እንዲህ ከሳሽ? የደበቅሽን ነገር አለ?" አሉሽ። ኤች አይ ቪ ይዟታል የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞላው፤ ደንበኞችሽም ራቁሽ። ወፍረሽ ሳለ ተመችቶሻል ይሉሽ የነበሩት እነዚያው ናቸው። አንቺም እንደ ድሮው መብላት ጀመርሽ፤ ቀሚሶቹንም ተርትረሽ መልሰሽ አሰፋሻቸው። የሰው አፍ ውስጥ ከመግባት መታመም ይሻላል ያልሽው በቀልድ ነበር ወይስ ከልብሽ? እስካሁን አልገባኝም። እትዬ አስካለ ቀብርሽ ላይ ከሁላችንም በላይ አለቀሱ። ልቀየማቸው እፈልጋለሁ፤ ደግሞ አባዬ ሲታመም ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው።

እማዬ፣ ራስ ምታቱ አሁን እኔንም ጀምሮኛል። ሐኪሙ ያንኑ ቃል ነገረኝ። ከጀርባሽ ውሃ ይቀዳ ሲሉሽ ሽባ ያደርጋል ብለሽ እምቢ ያልሽውን ምርመራ ለሰኞ ቀጥረውኛል። እኔም እፈራለሁ። ትናንት እትዬ አስካለ በር ላይ አስቁመው ምነው ከሳሽ ሲሉኝ፣ የእናቴን በሽታ ታምሜያለሁ፣ መክሳቴ መድኃኒቴ ነው፣ ሰኞም ምርመራ አለብኝ አልኳቸው። ወዲያው አብሬሽ እሄዳለሁ አሉ። እሺ አልኩ። ማልቀስ ይሁን መሳቅ የቃጣኝ እንጃ።

አልረሳሽም። ግን አንቺን ለማስታወስ ብዬ የአንቺን መንገድ አልሄድም። ይሄ ክፉ ልጅ ያሰኘኝ ይሆን ወይስ ደህና ልጅ፣ እሱን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ልጅሽ