ከጠረጴዛው እግር ሥር ስለተገኘው ወረቀት

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን የላቦራቶሪ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ደህና እንደሆኑ አልጠራጠርም፤ በእርስዎ ክፍል ታሞ የተገኘ ሰው የለምና። እኔ ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛዎን እንድጠግን የተጠራሁት አናጢ ነኝ፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ ሚስቱን ደግፎ ወረፋዎ ላይ የቆመው ሰው ነበርኩ።

አንደኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ በትኩሳት እየነደደች፣ ትንፋሽ እያጠራት ስትመጣ፣ አፍንጫዋን በጥጥ ነክተው በሩብ ሰዓት ውስጥ ከኢንፍሉዌንዛ «ነፃ» መሆኗን አበሰሩን። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አዲስ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ገብቷል ሲባል በራዲዮ ሰምቼ ብጠይቅዎ፣ መሣሪያ አይዋሽም ብለው በሰው ፊት አሳፈሩኝ።

ሁለተኛ፤ ውጤቱ «ነፃ» ያለው ሰው አልጋም መድኃኒትም አያገኝም የሚለውን ደንብዎን ለማንም ባለማጠፍዎ አደንቅዎታለሁ። የጣቢያውን ሐኪም የባለቤቴ ሁኔታ አላምር ብሏት ነበር፤ እርስዎ ወረቀቱን አሳይተው አፏን አስያዟት። አማቴም ልጄ ነፃ ናት ብለው አጠገቧ ተኝተው አስታመሟት። እናትና ልጅን በአምስት ቀን ልዩነት ቀበርኩ፤ ሁለቱንም ሣጥን የሠራሁት በገዛ እጄ ነው። የአማቴም ውጤት «ነፃ» ነበር።

ሦስተኛ፤ ወይ ጉድ! የጠረጴዛዎን አንካሳ እግር ሳነሣ ከሥሩ ስምንት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ከመመርመሪያው ካርቶን የወጣ መመሪያ ነው፤ በቋንቋችን የተጻፈ ስለሆነ አናጢም ያነበዋል። መሣሪያው የተፈተነው በቆዩት ዓይነቶች ላይ መሆኑን፣ አዲስ ሲመጣ ሊስተው እንደሚችል፣ የታመመን ሰው በእሱ ቃል ብቻ መሸኘት እንደማይገባና ናሙናው ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ መላክ እንዳለበት ይናገራል። መሣሪያውን አልወቅስም፤ የማያውቀውን አላውቅም ብሎ በጽሑፍ ተናዟል። እርስዎ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አሉ። ያላወቁ አለቁ ይባል ነበር፤ በእርስዎ ቤት ያላወቁት ደህና ናቸው፣ ያለቁት የእኔ ናቸው።

በእጅዎ ሦስት ጊዜ ነፃ ወጥታ ስለሄደችው ባለቤቴና ስለ እናቷ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

አናጢው

ድኅረ ጽሑፍ፤ የጠረጴዛውን እግር በጠንካራ እንጨት ስለተካሁት ወረቀቱ ከሥራ ነፃ ሆኗል፤ ዛሬም ወረፋው ላይ የሚስል ሰው ስላለ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። እርስዎም ትኩሳት ቢጀምርዎና ውጤትዎ «ነፃ» ቢል አይስጉ፤ ጠረጴዛውን ስጠግን ቁመትዎን በዓይኔ ለክቼዋለሁ።